ጭላዳ የማያውቀው ድምፅ

ጎንደር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርህ የአጎቴ ልጅ፣ ለሙሉሰው ወልደኢየሱስ፤
ሮተርዳም።

ብርዱ አልፎልህ፣ ጤናህ ተጠብቆ፣ ሥራህ ቀንቶህ ይህ ወረቀት በሰላም ያግኝህ። እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችን ደህና ነን።

በቴሌግራም የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። «እስቲ ያቺን ሣጥንሽን በቪዲዮ አሳዪኝ፤ ሥዕሏንም ላኪልኝ» ብለሃል። በቴሌግራም አልመልስልህም። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር የምንነጋገረው በወረቀት፣ ቀን ተጽፎበትና ተፈርሞበት ነው። ምነው ብትለኝ ምክንያቴን ልንገርህ።

የመመረቂያ ሥራዬ የጎተራ እርጥበት የሚለካ መሣሪያ ነበር። አማካሪዬ በየሳምንቱ በቴሌግራም ይጠይቀኛል፤ እኔም እልክለታለሁ። በተመረቅሁ በስምንተኛው ወር መሣሪያዬን በቴሌቪዥን አየሁት፤ አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ፣ አማካሪዬ አጠገቡ ቆሞ ያብራራል። የተጻጻፍነውን ላወጣ ስልኬን ስከፍት አንድ ቃል አልቀረም። «ለሁለታችንም ይጥፋ» የሚል ነገር አለ አይደል? እሱን ተጭኖታል። ለአለቆቹ ብናገር «ማስረጃሽ የታለ?» አሉኝ። ሁለት ዓመት ደክሜ የተረፈኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ወረቀት ይሻለኛል። የዚህም ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ እኔ ዘንድ ቀርቷል።

ሣጥኗን አገር ያያት ስለሆነች በቃል ልግለጽልህ። ገብስ ሲደርስ ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ማሳ እንደሚያወድም አንተም ታውቃለህ፤ የጃናሞራ ልጅ ነህ። ሣጥኗ የጫማ ካርቶን ታክላለች። ላይዋ ላይ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ፣ ፊቷ ላይ እንቅስቃሴ የሚያይ ዓይን፣ ሆዷ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አለ። ጭላዳ ሲጠጋ ትጮኻለች። የምትጮኸውም በአባትህ በአያ ወልደኢየሱስ ድምፅ ነው። ባለፈው ኅዳር ከመካነ ብርሃን በላይ ባለው ማሳቸው ላይ ተክለናት ገብሱ ሳይነካ ታጨደ። አባትህም ከስንት ዓመት በኋላ በመከር ወራት እሑድን በማሳ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን አሳለፉ።

ስም የላትም። ጎረቤቶች «ጯኺዋ» ይሏታል።

እንቅስቃሴ የሚያየው ዕቃ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ፒያሳ ባለችው የስልክ መጠገኛዬ ከተጣለ ነገር ላይ እየነቀልሁ ነው የምሠራው። ጥቂት ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። አስቀድመህ ግን ይህን መልስልኝ፦ ከእኔ ሣጥን የምትፈልገው ምንድን ነው?

አክባሪህ፣
የትነበርሽ በላቸው (ፊርማ)


ሮተርዳም፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ እኅት ዓለም፣ ለየትነበርሽ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከዝናብ አገር ተነሥቶ፣ ገደሉንና ቁልቁለቱን ሳይፈራ፣ አንቺ ያለሽበት ይድረስ። ብዕር ከያዝሁ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ይህን ስጽፍ ሁለት ጊዜ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ ገጹን ወደ ላይ ልገፋው ሞክሬያለሁ።

ስለ ዕቃ ካነሣሽ ቤቴን ላስጎብኝሽ። ማቀዝቀዣዬ ወተት ሲያልቅ መልእክት ይልክልኛል፤ ወተት እንደማልጠጣ ግን እስካሁን አልገባውም። ወለል የሚጠርግ ክብ ማሽን አለኝ፤ «አለቃ» ብዬዋለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ይዞራል፣ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል፣ ማታ ሥራ ጨረስሁ ይላል። የቤቴ በር ደወል ደግሞ ካሜራ አለው። ፊት ያውቃል ተብሎ ነው የገዛሁት። ኮፍያ ባደረግሁ ቀን «የማይታወቅ ሰው በር ላይ ቆሟል» ብሎ ስልኬ ላይ ይልክልኛል። በገዛ ቤቴ።

ከዕቃው ይልቅ የምወደው ግን የድርጅቶችን ስም ነው። እዚህ አንድ ሰው ድርጅት ሲያቋቁም ደህናውን ቃል ይወስድና አንድ ፊደል ይነቅልለታል፤ ከዚያ ዘመናዊ ሆነ ይላሉ። ጎንደር ሳለሁ ደግሞ ትዝ ይልሻል? ከአዘዞ አልፎ የማያውቀው ልብስ ሰፊ «ኢንተርናሽናል» ነበር። ሦስት ቻርጀር የሰቀለች ሱቅ «ግሎባል»። ፀጉር ቤቱ በባለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስም ይጠራል፤ ሁለተኛው ልጅ ሲወለድ ታፔላው ላይ «እና» ተጨምሮ ጠባብ ቦታ ላይ ይጨመቃል። እኔ የዚያን «እና» ቀለም ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ለሣጥናችን ስም ሳወጣ ሰንብቻለሁ። «ጭላዳ ጋርድ» ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ጭላዳውን የምንጠብቅለት ይመስላል። «ሰሜን ሴንሰር» የመንግሥት ቢሮ ሆነብኝ፤ ማኅተምና ወረፋ ይሸታል። አንድ ጠዋት ባቡር ላይ ቆሜ ግን መጣልኝ፦ «ወልዲ»። ከአባቴ ስም የተቆረጠ ነው። አጭር ነው፣ ፈረንጅ አፍ ውስጥ አይሰነካከልም፣ የድረ ገጽ አድራሻውም አልተያዘም። እስቲ ደጋግመሽ በዪው፤ ሸጋ አይደለም?

ምን ትፈልጋለህ ላልሽው፣ ምን እፈልጋለሁ? ደስ ብሎኝ ነው እንጂ። ብቻ ስም ለማውጣት ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋልና የሽቦዋን ሥዕል፣ የድምፁን ፋይልና ሆዷ ተከፍቶ የተነሣ ፎቶ ላኪልኝ። እንቅስቃሴ የሚያዩትን አራት ዕቃዎች ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ወንድምሽ ሙሉሰው


ጎንደር፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለሙሉሰው፤

ክረምቱ በእኛም ገብቷል። አምላክ አንተንም እኛንም በያለንበት ይጠብቀን። የላክሃቸው አራቱ ዕቃዎች ደርሰዋል፤ እጅህ ይባረክ። በደብዳቤህ ስቄያለሁ። ሳቄን ስጨርስ ግን ሦስት ነገር ቀረኝ።

መጀመሪያ፣ አልፈረምህም። ሁለተኛ፣ በእኔ ደብዳቤ «ሣጥኗ» የነበረችው በአንተ «ሣጥናችን» ሆናለች። ሦስተኛ፣ ለሕፃን ስም ለማውጣት ሆዱን ከፍቶ ማየት የሚያስፈልገው በየትኛው አገር ነው?

ባለፈው ሳምንት መካነ ብርሃን ወጥቼ ነበር። አባትህ ደብዳቤ መድረሱን ሰምተው ስለነበር ከጎረቤታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ ጋር ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር።

«ምን ይላል ልጄ?» አሉኝ።

«ስለ ማቀዝቀዣው ጽፏል።»

«ስለ ማቀዝቀዣው ብቻ?»

«ስለ በሩ ደወልም።»

«እሰይ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ማቀዝቀዣው ደህና ከሆነማ ሌላው ምን ቸገረ?» ብለው ሳቁ። አባትህ አልሳቁም። ወረቀቱን ተቀብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። የራሳቸውን ደህንነት የሚጠይቅ መስመር ሲፈልጉ እንደነበር ከጣታቸው ታወቀኝ፤ በየመስመሩ ሥር ቀስ እያለ ይሄድ ነበር። ከዚያ «ይህ ወልዲ ማን ነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት» አልኋቸው።

«ከኢየሱስ ቆርጦ አውጥቶኝ? እንግዲያ የማን ልጅ ልባል ነው?»

መልስ ካለህ ጻፍላቸው።

የሽቦውን ሥዕልና ፎቶውን አልክም። ድምፁን ግን አባትህ «ላኪለት» ስላሉኝ በሚሞሪ ካርድ አድርጌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የአባትህ ድምፅ ነው፤ ልከለክልህ አልችልም። ሌላም ወረቀት አለ፤ አንድ መስመር ብቻ ተጽፎበታል፦ «ይህች ሣጥን የየትነበርሽ በላቸው ሥራ ናት።» ፈርመህ መልስልኝ። ከዚያ ስለ ስም የፈለግኸውን ያህል እንጫወታለን።

የትነበርሽ በላቸው (ፊርማ)


ሮተርዳም፣ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለየትነበርሽ፤

አዲሱ ዓመት የጤናና የበረከት ይሁንልን። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። እጄ ደክሞት በኮምፒውተር ጽፌልሻለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።

ካርዱ ደርሷል። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ነፋስ ስለገባበት ትንሽ አጽድቼዋለሁ። ከጀርባ የሚሰማውን የውሻ ጩኸትና መጨረሻ ላይ ያለውን ሳል ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። አሁን ጥርት ብሏል።

አዲስ ነገር ገዝቻለሁ። የእንቅልፍ ቀለበት ይባላል፤ ጣት ላይ አድርገሽ ትተኚና ጠዋት እንቅልፍሽ ስንት ነጥብ እንዳመጣ ይነግርሻል። ትናንት አርባ አንድ አመጣሁ፤ ወደቅሁ ማለት ነው። በሕይወቴ በእንቅልፍ ስወድቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ፊርማው፣ በዘመድ መካከል ፊርማ ምን ያደርጋል የትኔ? አንቺን የበደለሽ ሰው ሌላ ነው፤ የእሱን ዕዳ እኔን አታስከፍዪኝ። እኛ እኮ አንድ ነን። ይልቅ የዲግሪሽንና የመታወቂያሽን ቅጂ ላኪልኝ፤ ወደዚህ መጋበዣ ላወጣልሽ አስቤያለሁ። አንድ ነገር ደግሞ፦ ሣጥኗ በተተከለች ስንት ቀን ነው ጭላዳዎቹ የሸሹት? ወዲያው ነው ወይስ ቆይተው?

ወንድምሽ


ጎንደር፣ መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሙሉሰው ወልደኢየሱስ፤

እንኳን አብሮ አደረሰን። ጤና ይስጥህ።

ደብዳቤህ አልተፈረመም። ፖስታው ግን ብዙ ተናግሯል። ጥጉ ላይ የጭላዳ ራስ ታትሟል፤ ሥሩ በላቲን ፊደል «ወልዲ ቴክ» ይላል፤ ከዚያ በታች ያንተ ስም፤ ከዚያ በታች «መሥራችና ሥራ አስኪያጅ»። የቤትህ ፖስታ ያለቀብህ ቀን የቢሮህን የተጠቀምህ ይመስለኛል። እኔ በየሥራ ቀኑ የሰው ስልክ ከፍቼ የተበላሸውን ስፈልግ እውላለሁ፤ ትንሽ ነገር ማየት ልማዴ ነው።

ዲግሪዬንም መታወቂያዬንም አልክም። ግብዣ አልጠየቅሁህም። እኔ የምጠይቅህ ይህን ነው፦ ድርጅቱ መቼ ተቋቋመ? ምን ይሠራል? የእኔ ስም የት ቦታ ተጽፏል?

በስንት ቀን ሸሹ ላልኸው መልስ አልሰጥህም። እስከ ዛሬ ከጠየቅኸኝ ሁሉ የመጀመሪያው ብልህ ጥያቄ እሱ ስለሆነ ግን አመሰግንሃለሁ።

የትነበርሽ በላቸው (ፊርማ)


ጎንደር፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሙሉሰው ወልደኢየሱስ፤

ሁለት ወር ጠብቄ መልስ አላገኘሁም። አሁን ለምን እንዳልጻፍህ አውቄያለሁ፤ መንገድ ላይ ነበርህ።

ማክሰኞ ዕለት አስናቀው የሚባል ገበሬ ከድብ ባሕር እህል ይዞ መጥቶ፣ የስልኩ መስተዋት ተሰንጥቆበት ወደ ሱቄ ገባ። እየሳቀ ነው የገባው።

«መስተዋቱን ቆይ ትደርሽበታለሽ፤ መጀመሪያ ይህን እዪ» አለኝ። ቪዲዮ ነው። የእሱ ገብስ፣ ከገብሱ ዳር ሁለት ነጭ ሣጥን። «አንድ ዲያስፖራ ነው የተከላቸው። ስልኩን እንጨት ላይ አቁሞ ይቀርጻል። እኔ ደግሞ ከኋላው ሆኜ እሱን እቀርጻለሁ።»

ሣጥኑ ጮኸ፦ «ሃይ! ሃይ! ውጣ ከማሳዬ!» ድምፁን አወቅሁት። ውሻው የለም። ሳሉ የለም።

«መጀመሪያ ደንገጥ አሉ» አለ አስናቀው። «ከዚያ ትልቁ ወንድ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። አዳመጠው። ከዚያ ላዩ ላይ ወጣበት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰብል እየበላ ስብከት ሰማ።»

«ሰውየው ምን አለ?»

«ኃይል አንሶት ነው አለና ድምፁን ጨመረው። ጭላዳው ሌሎቹን ጠራ።»

ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ብስቅ ደስ ባለኝ። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ ዞር ስትል ፊትህ ይታያል፤ ኮፍያ አድርገሃል፤ እኔ ግን እንደ በርህ ደወል አልተሳሳትሁም። «ስሙን ነገረህ?» ብዬ አስናቀውን ጠየቅሁት። «ወልዲ ነኝ ብሎኛል» አለኝ።

ድብ ባሕርን ለምን እንደመረጥህ ይገባኛል። መካነ ብርሃን ብትመጣ ሰው ያውቅሃል፤ በማግስቱ እኔ እሰማለሁ። አባትህን ከስምንት ዓመት በኋላ ከማየትና ከእኔ ከመሰወር አንዱን መምረጥ ነበረብህ፤ መረጥህ።

አልደበቅኋቸውም። ቅዳሜ ለአጨዳ ወጥቼ ነገርኋቸው። ማጭዳቸውን ድንጋይ ላይ ይስሉ ነበር። «ድብ ባሕር ድረስ መጥቶ?» አሉ። አዎ አልኋቸው። ስለው ጨረሱ። ከዚያ «ከስቷል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አልከሳም» አልኋቸው።

የትነበርሽ በላቸው (ፊርማ)


ሮተርዳም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለየትነበርሽ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በእጄ ነው የምጽፈው።

ድርጅቱን ያቋቋምሁት ባለፈው ሐምሌ ነው። ቅጹ ላይ የመሥራች ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እዚህ አገር የሚኖር መሆን አለበት ይላል። ያንቺን ስም ኋላ እጨምራለሁ ብዬ ነበር። ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች መሣሪያው ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ በቶሎ ይፈልጋሉ፤ ቤት ብሄድ አባቴ አያስወጣኝም፣ ጊዜው ያልፍብኛል ብዬ ፈራሁ።

ሁሉን ነገር መርምሬያለሁ። ድምፁ ያው ነው፤ እንዲያውም ከአንቺ ሣጥን ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ያንቺን ሥራ በደብዳቤሽ አይቼ፣ አስመስዬ፣ የተሻለ ዕቃ ገዝቼ ነው የሠራሁት። ምን ጎደለው? ምን አስቀረሽብኝ? ንገሪኝና ድርሻውን እኩል እናድርገው። ገንዘብ ሰጪዎቹ የሰጡኝ ቀን እስከ የካቲት ነው።

አባቴ እንዴት ነው?

ሙሉሰው ወልደኢየሱስ (ፊርማ)


ጎንደር፣ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለሙሉሰው ወልደኢየሱስ፤

ጥምቀትን በሰላም አሳልፈናል፤ አንተንም በሰላም ያክርምህ።

በመጨረሻ ስለ አባትህ ጠየቅህ። ከፊቱ ሌላ ጥያቄ ባይቀድመው ኖሮ አምንህ ነበር።

«ያንቺን ሥራ በደብዳቤሽ አይቼ፣ አስመስዬ» ብለህ በእጅህ ጽፈሃል፤ ከሥሩም ፈርመሃል። ያቺን አንድ መስመር ስለምንህ ከርሜ እምቢ ብለህ ነበር። አሁን ሳልለምንህ አደረግኸው። የደብዳቤዎቻችን ቅጂ ሁሉ ከሽቦው ሥዕል ጋር ከፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻዬ ኋላ ተያይዞ ለሚመለከተው ቢሮ ገብቷል። «ማስረጃሽ የታለ?» የሚለኝ ሰው አሁን መልስ አለው። ቀጥሎ ስለ ጎተራው መሣሪያ እሄዳለሁ፤ የአማካሪዬን አድራሻ አግኝቻለሁ፤ ለእሱም በወረቀት ነው የጻፍሁለት።

ስለዚህ የጎደለህን ልነግርህ አልፈራም።

ጭላዳ ድምፅ አይፈራም፤ ሰው ነው የሚፈራው። ሣጥኗን በተከልናት ሰሞን አባትህ ሰባት ቀን ሙሉ ከኋላዋ ወንጭፍ ይዘው ቆመዋል። ሣጥኗ በድምፃቸው ስትጮህ እሳቸው ድንጋዩን ከጭላዳው ፊት ያሳርፋሉ። አንድም ጊዜ ዝም ብላ አልጮኸችም። በስምንተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ጭላዳው ግን ከሣጥኗ ኋላ ያሉ መሰለው። አሁንም በሳምንት አንድ ቀን ሄደው ይወነጭፋሉ፤ እንዳይረሳቸው። ውሻውና ሳሉም የእሳቸው ናቸው፤ አንተ ቆሻሻ ብለህ ጠረግሃቸው። ቢኖሩም ግን አይጠቅሙህም ነበር። የድብ ባሕር ጭላዳ አባትህን አያውቃቸውም። እዚያ ማሳ ላይ ድንጋይ ወርውረው አያውቁም።

ስለዚህ እያንዳንዷ ሣጥን በባለማሳው ድምፅ ነው የምትሠራው። ለአስናቀው አንድ ሠርቼለታለሁ፤ ጭላዳውን እስከ ሰባት ትውልድ ይሰድባል፤ ቄሱ እንዳይሰሙት ወደ ገደሉ አዙረን ተክለናታል። ወይዘሮ ደብሪቱም የራሳቸውን እየጠበቁ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ተሠርታ፣ ታሽጋ የምትሸጥ ነገር አይደለችም። ለገንዘብ ሰጪዎችህ ይህን ንገራቸው፤ ቪዲዮውን ደግሞ ከፈለጉ አስናቀው ዘንድ አለ።

ስምም አወጣሁላት። ንግድ ፈቃዱ ላይ «የትነበርሽ በላቸው የኤሌክትሮኒክስ ሥራ» ብዬ አጻፍሁ። ረጅም ነው፣ ፈረንጅ አፍ ውስጥ ይሰነካከላል፤ ይሰነካከል። ሣጥኖቹ ግን እያንዳንዳቸው የባለድምፁን ስም ይዘዋል፤ ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ። የመጀመሪያዋ ላይ «ወልደኢየሱስ» ብዬ ጽፌያለሁ።

አሁን አባትህ እንዴት እንደሆኑ ልንገርህ። ለጥምቀት ጎንደር ወርደው እኔ ዘንድ ሰንብተዋል። ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ቁልቁለት ይፈራል። ደብዳቤህን ሰጠኋቸው፤ አነበቡት። «እሱ ዘንድ ያለው ድምፄ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ። ረስተውት ኖሯል።

«ሃይ፣ ሃይ፣ ውጣ ከማሳዬ ይላል» አልኋቸው።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

ከዚያ መቅጃውን እንዳመጣ ጠየቁኝ። ከዚህ ጋር ያለው ካርድ ያኔ የተቀዳው ነው። ውስጡ የሽቦ ሥዕል የለም፤ ለማንም ገንዘብ ሰጪ አይሆንም። አባትህ ስምህን ይጠራሉ፤ ልጅ ሳለህ ለራት ከማዶ ሆነው ይጠሩህ እንደነበረው። ሦስት ጊዜ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ይስላሉ፤ አታጽዳው።

ጭላዳ የማያውቀውን ድምፅ ሰምቶ ከቦታው አይነሣም። አንተ ትነሣ እንደሆነ እናያለን።

የትነበርሽ በላቸው (ፊርማ)